ድንቅቱና አልከፈት ያለው የመቃብር ዝርዝር

ድንቅቱ የላስቲክ ጫማዋን አውልቃ የእድሩን ኮምፒዩተር ልትመታው ምንም አልቀራትም ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ነው። የኅዳር ውርጭ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ነጭ ሆኖ ተነጥፏል፤ ለልምምድ የወጡት ሯጮች ከጭጋጉ ውስጥ ኮቴያቸው ይሰማል እንጂ መልካቸው አይታይም። በእድሩ ዕቃ ቤት፣ በተጣጠፈው ድንኳንና በተደራረበው ወንበር መሀል፣ ያ አሮጌ ኮምፒዩተር ያንኑ ቃል ለሰባተኛ ጊዜ አወጣላት። ቃሉ በእንግሊዝኛ ነው፤ እሷም እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማረች ናትና ፍሬ ነገሩ አልጠፋትም። ይህን ፎልደር ለመክፈት ፈቃድ የለዎትም፣ ነው የሚለው።

«ፈቃድ?» አለችው፣ ልክ ሰው እንደምታናግር ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «የባሌን ጽሑፍ ላነብ አንተን ላስፈቅድ? አንተ ገና ተገዝተህ ሳትመጣ እኔ ከዚያ ሰውዬ ጋር ሠላሳ አምስት ዓመት ኖሬያለሁ!»

ሰውዬው ቢቂላ ነው፤ ባለፈው መጋቢት የሞተው ባሏ። ሃያ ዓመት የእድሩ ጸሐፊ ነበር። እሷ ድርቆሽ ስትነግድ፣ የሱሉልታን ሳር እያሰረች ለአዲስ አበባ ከብት አርቢ ስትጭን፣ እሱ ደብተር ይዞ ቀብር ለቀብር ይዞር ነበር። ያኔ ሜዳው ሁሉ ሳር ነው። ዛሬ በየት በኩል ታጭጃለሽ? አጥር ብቻ ነው። ቢቂላ መጨረሻው ላይ አንድ ትልቅ ሥራ ሠራ። የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ በከዘራው እየለካ፣ ሽማግሌ እየጠየቀ፣ ማን የት እንደተቀበረ ጻፈ። የእንጨቱ መስቀል በስብሷል፤ ድንጋዩ ላይ ጽሑፍ የለም፤ አሮጌውን ደብተር አይጥ በልቶታል። የቀረው ኮምፒዩተሩ ውስጥ የገባው ዝርዝር ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ መንገዱ ሊሰፋ ነው። የግቢው የታችኛው አጥር ወደ ውስጥ ይገባል፤ በዚያ በኩል መቶ አሥራ ሁለት መቃብር አለ። ስሙና ቦታው የተጻፈለትን ቤተሰቡ አጥንቱን ተቀብሎ ወደ ላይኛው ቦታ ያዛውረዋል። ያልተጻፈው ባንድ ጉድጓድ ይጠቃለላል። ዝርዝሩ የእድሩ ማህተም አርፎበት አርብ ከቀኑ ስድስት ሰዓት በፊት ለመንገድ ሥራው ጽሕፈት ቤት ይግባ፣ ይላል ማስታወቂያው። አርብ ማለት ነገ ነው።

ለድንቅቱ ከመቶ አሥራ ሁለቱ አንዱ የራሷ ነው።

የመጀመሪያ ልጇ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ቀን ኖረ። ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ ነው ክርስትና የሚነሣው፤ ያልተጠመቀ ደግሞ ከግቢው አጥር ውስጥ አይቀበርም። እሷ አራስ ቤት ተኝታ፣ ጡቷ ወተት እየፈሰሰ፣ ወንዶቹ አቅፈውት ወጡ። «የት አደረጋችሁት?» ስትል ቢቂላ አቀርቅሮ ዝም አለ። ዝምታው ሠላሳ አራት ዓመት ቆየ። ሊሞት ሰሞን፣ ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ ብሎት በተኛበት፣ «ከግቢው ውስጥ ነው፤ በታችኛው አጥር በኩል ደብቄ ነው ያስገባሁት። ቦታውን ጽፌዋለሁ፤ ታነቢዋለሽ» አላት። ከዚያ ወዲያ አንደበቱ ተያዘ።

ታዲያ ለምን ወዲያው አላነበበችም? ራሴን ልጠይቅ የሚገባኝ ይህን ነው፣ ትላለች ለራሷ በንዴት። ልቤ ይጠንክር ብላ ነዋ! ከአርባው በኋላ፣ ከፋሲካ በኋላ፣ ከክረምቱ በኋላ እያለች። አሁን ልቧ ሲጠነክር በሩ ተዘጋ። የዘጋችው ደግሞ ራሷ ናት፤ ይህን ነው እስከ ዛሬ ለማንም ያልተናገረችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእድር ወግ አባል ሲሞት አርባው ከወጣ በኋላ ስሙ ከመዝገቡ በቀይ እስክሪብቶ ይሰረዛል፤ በቦታው የሚስቱ ስም ይገባል። ድንቅቱ የባሏን የጸሐፊነት ወንበር ስትረከብ መጀመሪያ የሠራችው ይህንኑ ነው። በመዝገቡ ላይ ቢቂላን ሰረዘች። ከዚያ ኮምፒዩተሩን ስትከፍት ሁለት ስም አየች፤ አንዱ «እድር» ይላል፣ አንዱ «ቢቂላ» ይላል። የሞተ ሰው ስም በየጠዋቱ ፊቷ ድቅን ሲል አልቻለችም። ደግሞስ ወግ ነው፤ ከአንዱ መዝገብ ተሰርዞ በሌላው እንዴት ይቀመጣል? ቢቂላ ያስተማራትን ያህል ፈልጋ ፈልጋ መሰረዣውን አገኘችው። ኮምፒዩተሩም «ፋይሎቹ ይቀመጡ ወይስ ይጥፉ?» ብሎ ጠየቃት። ይቀመጡ አለች። ያስቀምጣል ብላ አመነችው!

ስሙ ተሰረዘ። ዝርዝሩ ያለበት ፎልደር ደግሞ ከቢቂላ በቀር ለማንም አልከፍትም አለ።

ያልሞከረችው ነገር የለም። አጥፍታ አበራችው። ፎልደሩን ወደ ፍላሽ ልትገለብጥ ብትሞክር፣ ለዚያም ፈቃድ ጠየቃት። በመጨረሻ ብልህ የሆነች መስሏት «ቢቂላ» የሚል አዲስ ስም ፈጠረች፤ የይለፍ ቃሉንም ያው የድሮውን፣ የበሬውን ስም «ቡሬ»ን ሰጠችው። ገብታ ሞከረች። ፈቃድ የለዎትም። ይኼን ጊዜ ነው እጇ ወደ ጫማዋ የሄደው።

«አካም ቡልቴ፣ ድንቅቱ?» አሉ የእድሩ ዳኛ ኦቦ ገርባ፣ ካፖርታቸውን ጥብቅ አድርገው እየገቡ።

«በሰላም አላደርኩም።»

«ዝርዝሩስ?»

«አልከፈትም አለ።»

«ይኼ ምን ያስጨንቃል? ፎርማት ይደረጋ! ልጄ ሄመን ኮምፒዩተር ባስቸገረው ቁጥር ፎርማት አድርጎት አዲስ ያደርገዋል።»

«ፎርማት ሲደረግ ውስጡ ያለው የት ይሄዳል?»

ኦቦ ገርባ አሰቡ። «እሱን እንኳ አልጠየቅሁትም።»

«እንግዲያው ሳይጠይቁ አይምከሩ!» አለች። ኦቦ ገርባን እንዲህ የተናገረ ሰው ሱሉልታ ላይ ገና አልተወለደም ነበር። ሰውየው ክው አሉ።

«አንቺ ሴት፣ ባልሽ ነው የዘጋው፤ እኔን ምን ትቆጪኛለሽ? ለምን እንደዘጋው እሱን ጠይቂው።»

«ለምን እንደዘጋውማ አውቃለሁ። እርስዎ ለዘመድዎ ደህና ቦታ ሲፈልጉ ዝርዝሩን አሳየኝ፣ ይቺን አስተካክላት እያሉ ስላስቸገሩት ነው።»

ኦቦ ገርባ ወጡ። በሩንም በኃይል ወርውረው ዘጉት። ድንቅቱም ጋቢዋን ተከናንባ ወደ ሚኒባስ ተራው ወረደች። በልቧ ቢቂላን ትሰድበው ነበር። ከገርባ ዝጋ፤ እሺ። ከእኔም? ሠላሳ አምስት ዓመት አንድ ትራስ ተንተርሰን፣ ከእኔም?

«ጫንጮ፣ ጫንጮ» እያሉ የሚጮኹት የሚኒባስ ረዳቶች ከሚቆሙበት ፊት ለፊት የኤልቃና ፎቶ ኮፒ ቤት አለ። ኤልቃና ከወላይታ ለግንባታ ሥራ የመጣ ሰው ነው። ፋብሪካ ሲሠራ ከመወጣጫው እንጨት ወድቆ እግሩ ከተሰበረ ወዲህ ተቀምጦ የሚሠራ ሙያ ተማረ፤ አሁን የአካባቢውን ኮምፒዩተር ሁሉ የሚጠግነው እሱ ነው። የእድሩን ግን ነክቶት አያውቅም። ከሦስት ዓመት በፊት የሚስቱ እናት እቤቱ ሲሞቱበት እድሩ ድንኳን አላውስም ብሎታል፤ ጴንጤ ነህ ተብሎ። በነሐሴ ዝናብ ላስቲክ ወጥሮ አለቀሰ።

ድንቅቱ ይህን ሁሉ ታውቃለች። ስትገባ ግን ለማፈር ጊዜ አልነበራትም።

«ኤልቃና፣ ና ተነሥ። ኮምፒዩተር ተዘግቶብኛል።»

«የእድሩ?» አለ ከማሽኑ ቀና ሳይል።

«የእድሩ።»

ሳቀ። የደስታ ሳቅ አልነበረም። «እድራችሁ እኔን አልቀበልም አለ፤ ኮምፒዩተራችሁ ደግሞ እናንተን አልቀበልም አለ። ጌታ ይመስገን፣ አሁን እኩል ሆንን።»

«ጨርሰሃል ወይስ ሌላ ስድብ አለህ?»

«ሌላማ ሞልቷል፣ እትዬ ድንቅቱ። የሦስት ዓመት ነው።»

«እየሠራህ ስደበኝ። ዝርዝሩ ካልወጣ ልጄን ከማን አጥንት ጋር እንደሚደባልቁት አላውቅም።»

ኤልቃና ቀና ብሎ አያት። ክራንቹን ሲፈልግ ግን መብራት ጠፋ። መንደሩ ሁሉ ጸጥ አለ፤ ፎቶ ኮፒው እንኳ ወረቀት በአፉ እንደያዘ ቀረ።

«ነገ ጠዋት» አለ። «በትክክል ምን እንዳደረጉት ግን አሁን ይንገሩኝ። አንድም ሳይደብቁ።»

ነገረችው። ስሙን መሰረዟን ስትነግረው ዓይኗን ወደ ሚኒባሶቹ አዞረች። ኤልቃና ራሱን ነቀነቀ።

«ስንት ኮምፒዩተር ሠርቻለሁ፤ የሞተ ሰው በአርባው የተሰረዘበት ይኼ የመጀመሪያዬ ነው።»

አርብ መብራት የመጣው ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ድንቅቱ ከንጋት ጀምራ ዕቃ ቤቱ በር ላይ ነበረች። በአጠገቧ ያለፈው ሰው ሁሉ «ዝርዝሩ ወጣ?» ይላታል። አንዷ «እናቴ እዚያ ናት» ትላለች፣ አንዱ «ወንድሜን እንዳትረሺ» ይላል፤ እሷ ደግሞ ለሁሉም «ቆይ» እያለች ጥርሷን ትነክሳለች። ኤልቃና እያነከሰ መጣ፤ የተጣጠፈውን ድንኳን ዞር ብሎ አየውና ተቀመጠ።

መጀመሪያ የፎልደሩን ስም ቀለም አየ። ትንፋሹን ለቀቀ።

«ምንድን ነው?» አለችው።

«ባልዎ ውስጡን ወደ ምስጢር ጽሑፍ ቀይረውት ቢሆን ኖሮ ስሙ አረንጓዴ ይሆን ነበር፤ ሲሰረዙ ቁልፉም አብሮ ይጠፋ ነበር። ያኔ እኔም አልችልም፣ ማንም አይችልም። እሳቸው በሩን ብቻ ነው የዘጉት።»

ድንቅቱ ከተደራረቡት ወንበሮች አንዱን ስባ ተቀመጠች። ኤልቃና በቀኝ በኩል ጠቅ እያደረገ፣ አንዱን መስኮት በሌላው ላይ እየከፈተ ገባ። ከዚያ በጣቱ አሳያት። የፎልደሩ ባለቤት ስም በሚጻፍበት ቦታ ስም የለም፤ አንድ ረጅም ቁጥር ብቻ አለ። ከፊቱም «የማይታወቅ» ይላል።

«ይኼ ኦቦ ቢቂላ ናቸው።»

«ይኼ ቁጥር?»

«ኮምፒዩተር ሰውን በስሙ አያውቀውም፤ ሲፈጠር በሰጠው ቁጥር ነው የሚያውቀው። ፎልደሩ የሚጠብቀው ያንን ቁጥር ነው። እርስዎ ስሙን ሲሰርዙ የቁጥሩ ሰው ጠፋ። አዲስ ቢቂላ ሲፈጥሩ ደግሞ ሌላ ቁጥር ያለው ሞክሼ ነው የመጣው። ስሙ አንድ ነው፣ ሰውዬው ግን አይደለም።»

ድንቅቱ ቁጥሩን ትክ ብላ አየችው። የማይታወቅ ይላል። በእግሩ ያልረገጠው የሱሉልታ ደጃፍ የለም፤ ያልቀበረው ሰው የለም፤ ይኼ ቆርቆሮ የማይታወቅ ይለዋል! የንዴት እንባዋን በጋቢዋ ጫፍ ጠረገችው።

«አጥፋልኝ ያንን ቃል።»

«ለማጥፋት ባለቤት መቀየር አለበት። በማን ላድርገው? «እድር» የሚለው ስም ሥልጣን አለው፤ በሱ መሆን ይችላል።»

«እድር በሚለው ገርባም ይገባል። በኔ ይሁን።»

«ድንቅቱ» የሚል ስም ፈጠረ፤ ሥልጣንም ሰጠው። የፎልደሩን ባለቤትነት ወደ እሷ አዞረው። ፎልደሩ ተከፈተ። ውስጡ አንድ ፋይል ብቻ አለ። እሷ ስትጠጋ፣ እሱ ሊከፍተው ቢል፣ ፈቃድ የለዎትም አለ።

«አንተ!» ብላ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው።

«ቀስ! ኮምፒዩተሩ አይደለም፣ እኔ ነኝ። የውጭውን በር አስከፍቼ ለውስጠኛው ምልክት ማድረግ ረሳሁ። ባለቤት መሆን ብቻም አይበቃም፤ ለባለቤቱም ፈቃድ መስጠት አለብኝ።»

«ባለቤት ሆኜ ፈቃድ?»

«እኔ አይደለሁም የሠራሁት፣ እትዬ። ውስጥ ላለውም ሁሉ ይሁን የሚለው ላይ ምልክት አደርጋለሁ፤ እነሆ። አሁን ይክፈቱት። ራስዎ።»

ማውሱን ያዘች። ሁለት ጊዜ ነካች። ዝርዝሩ ወረደ። የሰው ስም፣ የአባት ስም፣ የቦታው ልክ በክንድ። ቢቂላ አጻጻፉ ሁሉ ያው ነው፤ የሚያውቀውን ሰው ስም ሲጽፍ ከጎኑ አንድ ነገር ይጨምራል። «ደግ ሰው ነበር»። «በዋሽንት የታወቀ»። በጣቷ እየተከተለች ወረደች። አርባ ሰባተኛው መስመር ላይ ጣቷ ቆመ።

ስም የሚለው ቦታ ባዶ ነው። ከጎኑ እንዲህ ይላል፦ የቢቂላና የድንቅቱ ወንድ ልጅ። ዐሥራ ዘጠኝ ቀን። ከእናቴ ራስጌ፣ ከጠፍጣፋው ድንጋይ በስተግራ አንድ ክንድ።

ኤልቃና ፊቱን ወደ ድንኳኑ መለሰ። ድንቅቱ ቀጥላ ስትወርድ ሌላ ባዶ ስም አየች። ከዚያም ሌላ። ቆጠረቻቸው፤ ዘጠኝ ናቸው። ሁሉም ሳይጠመቁ የሞቱ ሕፃናት፣ ሁሉም ከአጥሩ ውስጥ። ከእያንዳንዱ ጎን አብሮ የቆፈረው አባት ተጽፏል። ሦስተኛውን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«አትምልኝ» አለች። ድምፅዋ ተለውጧል።

ኦቦ ገርባ ማህተሙን ይዘው የመጡት አምስት ሰዓት ላይ ነው። ኤልቃናን ከእድሩ ወንበር ላይ ሲያዩት ፊታቸው ጠቆረ፤ ቢሆንም ወረቀቱን ተቀብለው መነጽራቸውን ሰኩ። አርባ ሰባት ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይኼ መስመር ይውጣ።»

«አይወጣም።»

«ድንቅቱ፣ ያልተጠመቀ ልጅ ከግቢ ውስጥ ተቀብሯል ብዬ ማህተም ልምታ? ካህናቱ ምን ይሉኛል? ሥርዓት አለ!»

«ሥርዓቱን ሲቆፍሩ ያስቡት ነበር።»

«እኔ ምን ቆፈርኩ?»

«ወረድ ይበሉ። ስድሳ ሁለት ላይ።»

ወረዱ። ስድሳ ሁለት እንዲህ ይላል፦ የገርባና የኡርጌ ሴት ልጅ። ሠላሳ አንድ ቀን። አባቷና እኔ ሆነን።

ኦቦ ገርባ መነጽራቸውን አወለቁ። ያ ግዙፍ ሰውዬ የሚይዘው ያጣ ይመስል በእጁ ወንበር ፈለገ።

«ኡርጌ ታውቃለች?» አለች ድንቅቱ።

ኦቦ ገርባ መነጽራቸውን ወደ ካፖርታቸው ኪስ ከተቱ።

«ታውቃለች ወይ፣ ኦቦ ገርባ?»

«ምን ብዬ ልንገራት? አፏ አያርፍም። ለጎረቤት ብታወራ ልጅቷን ከመቃብሯ ያስወጧት ነበር።»

«አፏ አያርፍም!» ድንቅቱ ተነሥታ ቆመች። «እኛን አራስ ቤት አስተኝታችሁ፣ ዘጠኛችሁ ዘጠኝ ጉድጓድ ቆፍራችሁ፣ እርስ በርሳችሁ ተማምናችሁ፣ እኛን አላመናችሁም! ኡርጌ ልጄን ጅብ በላብኝ ብላ ስንት ዓመት ጫካውን እየዞረች አለቀሰች? እኔ ሳር ላጭድ በሄድኩ ቁጥር ልጄን እረግጠው ይሆን እያልኩ በቀስታ ነበር የምራመደው! እናንተ ስታውቁ! ማህተሙን ይምቱ።»

«ቢቂላም እኮ…»

«እሱንም ነው የምለው! በሕይወት ቢኖር ዛሬ ቤት አይገባም ነበር። ማህተሙን ይምቱ አልኩ!»

ኦቦ ገርባ መቱ፤ አምስቱንም ገጽ፣ አንድ በአንድ። ከዚያ ዞረው ለኤልቃና «እግዜር ይስጥልኝ» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ኤልቃና ግን ኮምፒዩተሩን እየዘጋ ነበር፤ ቀናም አላለም።

«ለእትዬ ድንቅቱ ነው የሠራሁት» አለ። «ለእድሩ አይደለም።»

ጽሕፈት ቤቱ ስትደርስ ለስድስት ሰዓት ሃያ አምስት ደቂቃ ይቀረዋል። ተቀባዩ ሰውዬ ክራቫት ያሰረ፣ ለስላሳ አነጋገር ያለው ሰው ነው። ወረቀቶቹን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ ዘጠኝ ቦታ ላይ በእርሳስ ክብ አደረገ።

«እነዚህ ስም የላቸውም፣ እናቴ። መመሪያው ስም ይላል። ስም ከሌለው ወደ ጋራው ጉድጓድ ነው የሚሄደው።»

«ስም ሳይወጣላቸው ነው የሞቱት።»

«ይገባኛል። ግን ክፍት ቦታ ይዤ መቀበል አልችልም፤ ፈቃድ…»

«ያንን ቃል እንዳትጨርሰው!» አለች ድንቅቱ። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ዞሮ አየ። «አንድ ማሽን ሁለት ቀን ሙሉ ብሎኛል፤ ከሰው አልሰማም። እስክሪብቶ ስጠኝ።»

ሰውዬው ሰጣት። አርባ ሰባተኛው መስመር ላይ ጎንበስ አለች። ሠላሳ አራት ዓመት ማንም ስሙን አልጠየቃትም፤ እሷም ለማንም ተናግራው አታውቅም። ፊደሉን አጉልታ ጻፈችው፦ ዳዲ ቢቂላ።

«ስምንቱስ?» አለ ሰውዬው፣ አሁን በቀስታ።

«ስምንቱን እኔ አላወጣም፤ እናት አላቸው።» ስልኳን ከደረቷ አወጣች። ደወለች፤ አንዴ ጠርቶ ተነሣ።

«ኡርጌ፣ እኔ ነኝ። አታቋርጪኝ፤ በኋላ ታለቅሺያለሽ። ጫንጮ ያለችውንም ጥሪያት፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን የነበረችውንም ጥሪያት፣ ልጅ በአራስነታችሁ የሞተባችሁን ሁሉ ጥሪና በባጃጅ ኑ። አሁን። ለልጅሽ ስም ይዘሽ ነይ። …አዎ፣ ለእሷ። …ተገኝታለች። ገርባን በኋላ ትጠይቂዋለሽ፣ እኔም አግዝሻለሁ፤ አሁን ነይ!»

ስልኩን ዘግታ ከመስኮቱ ፊት ቆመች፤ ከኋላዋ ያሉት ቢያጉረመርሙም ቦታዋን አልለቀቀችም። ተቀባዩ የግድግዳውን ሰዓት አየ፣ እሷን አየ፣ ከዚያ ወረቀቶቹን ሳይዘጋ እስክሪብቶውን ወደ እሷ ገፋ አደረገው።